በቦረና ቱላ ጉድጓድ ላይ ፓምፕ ይገጠም ወይ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በአሜሪካ የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን ገንዘብ አዋጥተናል። በቦረና ሰዎች ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉ በቪዲዮ አይተን ልባችን ስለተነካ፣ በአንዱ ጉድጓድ ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ልንገጥም አሰብን። አንድ ዘመዳችን ሄዶ ሽማግሌዎቹን ሲያነጋግር አልተቀበሉትም፣ አልከለከሉትምም፤ ‹እንነጋገርበት› ብቻ አሉት። ውሃ የሁሉም የተፈጥሮ ሀብት ሆኖ ሳለ ማንን ማስፈቀድ ያስፈልጋል? ባህል እንዳይነካ ተብሎ ሕዝቡ በዚህ ድካም ይኑር ማለትስ ተገቢ ነው?»

ፓምፑን በዚያ ጉድጓድ ላይ አትግጠሙ። ያዋጣችሁት ገንዘብ በዚያው ስፍራ በእጅጉ የሚጠቅምበት ሥራ አለ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሽማግሌዎቹ «እንነጋገርበት» ያሉት መሣሪያ ጠልተው እንዳልሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ለእናንተ ውሃ ማውጫ ሆኖ የታያችሁ ጉድጓድ ለእነሱ ሣሩም፣ ሰላሙም፣ ዝምድናውም የሚተዳደርበት ተቋም ነው። ይህ ሳይታወቅ የተተከሉ ሞተሮችና የተቆፈሩ ኩሬዎች በአርብቶ አደሩ ቆላ ያስከተሉት ጉዳት ዛሬም በመሬቱ ላይ ይታያል።

በቪዲዮው ያያችሁት ከ«ቱላ» ጉድጓዶች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ቦረናዎች «ዘጠኙ ቱላ» ሲሉ ዘጠኝ ጉድጓድ ማለታቸው አይደለም። ዱብሉቅ፣ ዌብ፣ ዳስ፣ ጋዮ፣ ኤርደር፣ መልባና፣ ኢዲ ሎላ የመሳሰሉት ስሞች ጉድጓዶች በብዛት የተቆፈሩባቸው ስፍራዎች መጠሪያ ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ ስፍራ «ኤላ» የሚባሉ በርካታ ጉድጓዶች አሉ። ከብቶቹ ተሰልፈው የሚወርዱበት ረጅም ቁልቁል መንገድ ከመሬት ወለል ወደ ታች ተቆፍሯል፤ መንገዱ በሚያበቃበት ደልዳላ ስፍራ «ናኒጋ» የሚባለው በጭቃ የተሠራ የማጠጫ ገንዳ ይገኛል፤ ከገንዳው ወዲያ ደግሞ ጠባቡና ቀጥ ብሎ የሚወርደው ጉድጓድ ይጀምራል። በአንዳንዶቹ ከላይ እስከ ውሃው ያለው ጥልቀት 30 ሜትር ይደርሳል። ወጣቶቹ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው «ኦኮሌ» የሚባለውን ባልዲ ሙሉውን ወደ ላይ፣ ባዶውን ወደ ታች ያቀባብላሉ። ኦኮሌ በቀድሞው ጊዜ ከቀጭኔ ወይም ከጎሽ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ አፉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጀሪካን ቦታውን ወስዷል። ይህን ለውጥ ለማምጣት ማንም ቅስቀሳ አላደረገም፤ የሚጠቅም ነገር ሲመጣ ቦረና ለመቀበል እንደማይቸገር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን «ማንን ማስፈቀድ ያስፈልጋል» ወደሚለው እንሂድ። በሕጉ ረገድ ጠያቂዎቹ አልተሳሳቱም፤ የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን ውሃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል። ያው አዋጅ ግን በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ለመጠቀምና በባህላዊ መንገድ ከብት ለማርባት ፈቃድ እንደማያስፈልግ ይደነግጋል፤ በዚህም የዕለት ተዕለቱን አስተዳደር ለተጠቃሚው ትቶለታል። ተጠቃሚውም ባዶ ቦታ ላይ አልቆመም። አንድን ኤላ በመጀመሪያ ያስቆፈረው፣ ወይም ፈርሶ የተደፈነውን እንደገና ያስከፈተው ሰው «ኮንፊ» ይባላል፤ መብቱም ለዘሩ ይተላለፋል። ኮንፊው ብቻውን አይቆፍርም። ጎሳው ከጀርባው ቆሞ ለቆፋሪዎች ምግብ የሚታረድ ከብት ያዋጣል፤ ሥራው ወራትን አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ሠራተኛውም በአብዛኛው ዘመድና ወዳጅ ነው። ስለዚህ በዚያ ውሃ ላይ ያለ መብት በጉልበትና በከብት ተከፍሎበታል። የተከፈለው ዋጋ ግን ውሃውን ሸቀጥ አያደርገውም። በባህሉ ሕግ ኮንፊውም ቢሆን የኤላውን ውሃ በገንዘብ ሊሸጥ አይችልም፤ ያለው ክብር ከብቶቹን በቀዳሚነት ማጠጣት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ልዩነት አለ። የሰው ጉሮሮና የከብት መንጋ በአንድ ሕግ አይዳኙም። መንገደኛ ጠምቶት ወደ ኤላ ቢመጣ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይጠጣል፤ ለቤት የሚቀዳ ውሃም አይከለከልም። መንጋ ይዞ የመጣ ግን በቀጥታ ወደ ገንዳው ሊወርድ አይችልም፤ ከየት እንደመጣ፣ የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ስንት ከብት እንደያዘና እስከ መቼ እንደሚቆይ ተናግሮ ተራ መጠየቅ አለበት። ከኮንፊው ቤተሰብ ቀጥሎ በቁፋሮው የተሳተፉት፣ ከዚያ የጎሳው አባላት፣ ከዚያ ከሌላ ጎሳ የመጡት ቦረናዎች፣ ከዚያም በስምምነት የተፈቀደላቸው ጎረቤቶች እያለ ቅደም ተከተሉ ይወርዳል። ከሌላ ጎሳ የመጣን መንጋ ያለ ምክንያት የሚከለክል ጎሳ የለም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ዝናብ አንዱን አካባቢ አጥግቦ ሌላውን ስለሚነፍግ የዛሬ ባለ ጉድጓድ ነገ ከሌላው ገንዳ ዳር ቆሞ ተራ ጠያቂ ይሆናል። ቦረና ሳቦና ጎና በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች የተከፈለ ሕዝብ ቢሆንም በአንድ ኤላ ላይ የሁለቱም ወገን ከብቶች በአንድ ተራ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ተራው «ሄሬጋ» ይባላል፤ ተራ አስከባሪውም «አባ ሄሬጋ» ነው። በደረቁ ወራት ከብት በየቀኑ አይጠጣም፤ በተለምዶ በሦስተኛው ቀን ነው የሚጠጣው፤ ግመል ከዚያም በላይ ይታገሣል። ስለዚህ አባ ሄሬጋው በአእምሮው የሚይዘው የእያንዳንዱን መንጋ ቀን፣ ከቀኑም ውስጥ ሰዓቱን፣ መንጋው ሲደርስ ስንት ውሃ ቀጂ ማሰለፍ እንዳለበት፣ ገንዳውን የሚጠርገውና ቁልቁለቱን ከእበት የሚያጸዳው ማን እንደሆነ ነው። ተራውን የዘለለ፣ ሰው ያላዋጣ፣ አጥሩን ከፍቶ የተወ በከብት ይቀጣል፤ እምቢ ካለም ከውሃው ይታገዳል። ጉዳዩ ከዚህ ካለፈ «ኮራ ኤላ» በሚባለው የጉድጓዱ ጉባኤ፣ ከዚያም በጎሳ ሽማግሌዎች ይታያል፤ የውሃና የግጦሽ ሕጎች ደግሞ በየ8 ዓመቱ በጋዮ በሚደረገው በጉሚ ጋዮ ጠቅላላ ጉባኤ ይፈተሻሉ። የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ብዙዎቻችን የሥልጣን ሽግግሩን በዓል አሰብን፤ ሥርዓቱ በየቀኑ ሥራ ላይ ሲውል የሚታየው ግን በእንደነዚህ ያሉ ጉድጓዶች ዳር ነው።

ዘፈኑም ቢሆን የድካም ማስረሻ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በሦስተኛው ቀን የደረሰች ላም 30 ሊትር ገደማ ትጠጣለች እንበል። 500 ከብት ያለው መንጋ 15,000 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው፤ አንድ ኦኮሌ 6 ሊትር ቢይዝ ከ2,000 ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ማለፍ አለበት። በጠባብ ግድግዳ ላይ የቆሙ ሰዎች ባልዲ ሳይጥሉ፣ ሳይጋጩ፣ ሳያቋርጡ ይህን ያህል መቀባበል የሚችሉት በአንድ ምት ሲንቀሳቀሱ ነው፤ ያንን ምት የሚሰጠው አውጪና ተቀባይ ያለው ዘፈን ነው። ግጥሙ ከብቶቹን ያወድሳል፣ የጎሳውን ስም ያነሣል፣ የሰነፈውን ይጎነትላል። ከላይ የቆመው እረኛም ከዘፈኑ ፍጥነት ውሃው እንዴት እንደሆነ ያውቃል፤ ዜማው ሲቀዘቅዝ ወይም ጉልበት አልቋል ወይም ውሃው ሸሽቷል።

የመጨረሻው ነጥብ ወደ ዋናው ቴክኒካዊ ጉዳይ ያስገባናል። ኤላ ከታች በዝግታ የሚሞላ ጉድጓድ ነው። የሰው ሰንሰለት የሚያወጣው ውሃ ከድንጋዩ ስንጥቅ ከሚገባው ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ውሃው ሲያንስ ቀጂዎቹ ይቆማሉ፣ ጉድጓዱ ያርፋል። ፓምፕ ይህን አያውቅም። በሰከንድ 2 ሊትር የሚያወጣ መካከለኛ የፀሐይ ፓምፕ በቀን ለሰባት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካገኘ 50,000 ሊትር ያህል ያወጣል፤ ጉድጓዱ ይህን መልሶ መሙላት ካልቻለ በጥቂት ሰዓት ደርቆ ፓምፑም ሊቃጠል ይችላል። የአንድ ስፍራ ኤላዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚጠጡ በአንዱ የተገጠመ ብርቱ ፓምፕ የጎረቤቱን ጉድጓድ ያደርቃል። ያኔ እናንተ ለአንድ ጎሳ ስጦታ ሰጥታችሁ ለሌላው ጠብ አስረክባችኋል።

ጉድጓዱ መሙላት ይችላል እንበል፤ ከዚያ የሚመጣው ችግር የባሰ ነው። 50,000 ሊትር በ30 ቢካፈል በቀን ከ1,600 በላይ፣ በሦስት ቀን ዙር ደግሞ 5,000 ከብት ያጠጣል። እነዚህ ከብቶች ግን የሚበሉት ሣር ከጉድጓዱ አይወጣም። በደረቅ አገር ሣሩን የሚቆልፈውና የሚከፍተው ውሃ ነው፤ ሣር ቢኖር እንኳ በእግር በሚደረስበት ርቀት ውሃ ከሌለ ከብት ሊግጠው ስለማይችል ያ መሬት ያርፋል። ቦረናዎች ይህን ቁልፍ አውቀው ይጠቀሙበታል። የበልጉ ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው የሐገያ ዝናብ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሲጥል ሜዳው ላይ ውሃ ስለሚቋጥር ከብቶች ወደዚያ ይወጣሉ፤ «ሀሮ» የሚባሉ ሰው ሠራሽ ኩሬዎችም ይሞላሉ። በዚህ ጊዜ የቱላዎቹ በር በእሾህ አጥር ይዘጋል። ውሃ ሞልቶ ሳለ ጉድጓድ መዝጋት ለውጭ ሰው ንፍገት ሊመስለው ይችላል፤ የተዘጋው ግን በቱላው ዙሪያ ያለው ሣር ነው፤ ኩሬዎቹ ሲደርቁ ለሚመለሱ መንጋዎች እንዲቆይ ታስቦ። የምትታለበው መንጋ በቤት አካባቢ ስትቀር ደረቁ መንጋ ራቅ ወዳለ ግጦሽ የሚሄደውም በዚሁ ሥሌት ነው። ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ ፓምፕ ይህን ሁሉ ይሽረዋል፦ ከብቱ በየቀኑ እየጠጣ ከዚያው አይርቅም፣ ቤተሰቡ ጎጆውን በፓምፑ ዙሪያ ይቀልሳል፣ ጥቂት ዓመት ሳይቆይም በዙሪያው ሣር የማይበቅልበት ሰፊ ራቁት መሬት ይፈጠራል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቦረና ግጦሽ መሬት ላይ በተካሄዱት የልማት ፕሮግራሞች በዶዘር ታላላቅ ኩሬዎች ተቆፈሩ፤ በርከት ያሉትም ቀድሞ በዝናብ ወራት ብቻ ይጋጥ በነበረው መሬት ላይ ነበሩ። ኩሬዎቹ ውሃ በመያዝ ረገድ ተሳክተዋል። ሆኖም ኮንፊ የሌለው፣ ሄሬጋ ያልወጣለት ውሃ ስለነበሩ ማን መቼ እንደሚዘጋቸው የሚወስን አልነበረም፤ የዝናብ ወራት ግጦሽ የነበረው ቋሚ መንደር ሆነ። በሶማሌ በኩል በሐውድ የተስፋፋው «ቢርካ» የተባለው የሲሚንቶ ጉድጓድ ታሪኩ በሌላ መልክ ወደዚያው ያመራል፤ ቢርካው የግል ንብረት ስለሆነ ውሃው ተሸጠ፣ ውሃ የሸጠ በዙሪያው ያለውን መሬትም እንደራሱ ማጠር ጀመረ። በሁለቱም ቦታ ሲሚንቶውም ዶዘሩም ጥፋተኛ አይደሉም። ጥፋቱ ውሃውን ከሕጉ ለይቶ ማምጣት ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ዛሬም ድርቅ በመጣ ቁጥር ይኸው ሲደገም ስለማይ ነው።

ስለ ድርቅም ጠያቂዎቹ በቀጥታ ባይሉትም ከጥያቄው ጀርባ ያለ እምነት አለ፤ ውሃ ቢኖር ኖሮ ከብቱ አያልቅም ነበር የሚል። ከ2013 ዓ.ም. የሐገያ ወቅት ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ቦረና እጅግ ብዙ ከብት አጥቷል፤ በዚያ ጊዜ ከጥልቆቹ ቱላዎች ብዙዎቹ ውሃ መስጠታቸውን አላቋረጡም ነበር። ከብቱ በአብዛኛው ያለቀው ሣር አጥቶ ነው፤ ደክሞ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ መውጣት ያቃተውም ብዙ ነበር። በእንዲህ ያለው ጊዜ ተጨማሪ ፓምፕ ከብቱን ከሞት አያድንም፤ መኖ፣ ከብቱ ሥጋው ሳያልቅ የሚሸጥበት ገበያ፣ ድርቁ ሲያልፍም ከብት የተረፈው ላጣው የሚሰጥበት «ቡሳ ጎኖፋ» የተባለው መደጋገፊያ ናቸው ቤተሰቡን ደግፈው የሚያቆሙት። ውሃ በቦቴ ማመላለስ ለሰው ነፍስ አስፈላጊ ሆኖ፣ ለመንጋ ግን ሊሆን የማይችል ነገር ነው።

ይሁንና ሥርዓቱን ያለ እንከን አድርጎ ማቅረብ ለቦረናም አይበጅም። «ሕዝቡ በዚህ ድካም ይኑር ወይ» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ኤላ መውረድ አደገኛ ነው፤ ግድግዳ ይናዳል፣ ሰው ይወድቃል። ልጆች ትምህርት ቤት በመግባታቸው፣ ወጣቶችም ወደ ያቤሎ፣ ወደ ሞያሌና ወደ ኬንያ ከተሞች በመሄዳቸው የውሃ ቀጂው ሰንሰለት በሰው እጥረት እየተበጠሰ ነው፤ ሰው በማጣት ብቻ ሥራ ያቆሙ ጉድጓዶች አሉ። በጉባኤው የሚቀመጡት ወንዶች ሲሆኑ ለቤት የሚሆነውን ውሃ ተሸክመው ረጅም መንገድ የሚመለሱት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው፤ ስለዚህ በኮራ ኤላ የከብቱ ችግር ሲነገር የጀሪካኑ ችግር ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። ከብት የሌለው ድሃ የጉልበት ድርሻውን እየሰጠ የሚያጠጣው የሌላውን መንጋ ነው። «ካሎ» የሚባለው ለጥጃ የተከለለ የጋራ ግጦሽ በአንዳንድ ቦታ የግል አጥር እየሆነ መጥቷል። ያው ገንዳ ሰውንና ከብትን በአንድነት ስለሚያገለግል ለሆድ በሽታም ያጋልጣል። ባህል ያለበትን ችግር ራሱ በሚያውቀው መንገድ የሚያሻሽል እንጂ በውጭ ሰው አድናቆት የሚቆይ ነገር አይደለም፤ ሽማግሌዎቹም «እንነጋገርበት» ሲሉ ዘመዳችሁን የጋበዙት ወደዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል? የእኔ ምክር በቅድሚያ ኤላውን ራሱን መጠገን ነው። ቁልቁለቱን በመቆፈር ከብቱ የሚደርስበትን ወለል ዝቅ ማድረግ ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ ወለሉ በጥቂት ሜትር ሲወርድ በሰንሰለቱ ላይ የሚቆሙት ሰዎች ቁጥር በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጭቃውን ናኒጋ በሲሚንቶ ማደስ በየጊዜው የሚጠይቀውን የሴቶችና የወጣቶች ጉልበት ያስቀራል፣ የሚሰርገውንም ውሃ ያድናል። ከገንዳው አጠገብ ሌሊት የሚቀዳ ውሃ የሚጠራቀምበት ጋን ቢሠራ መንጋው ሲደርስ የሚጠብቀው ሰዓት ያጥራል። የሚናደውን ግድግዳ መደገፍ፣ የጎርፍ ውሃ አፈር ይዞ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ ከላይ መከተር፣ የተደፈነ ኤላ እንደገና እንዲከፈት ለሠራተኞቹ የሚሆነውን ወጪ መጋራት፤ እነዚህ ሁሉ ጉልበትን የሚቀንሱ፣ ሄሬጋውን ግን የማይነኩ ሥራዎች ናቸው። ከኮንፊው ጎሳ የሚጠበቀውን የከብትና የጉልበት መዋጮ ሙሉ በሙሉ በገንዘባችሁ አትተኩት። መዋጮው መብት የሚገኝበት መንገድ ስለሆነ ሁሉም በእናንተ ከተከፈለ ጉድጓዱ ባለቤት አልባ ይሆናል፣ ወይም ገንዘቡን ያመጣው ሰው ኮንፊ ነኝ ይላል።

ሁለተኛው ሥራ ለሰው የሚሆን ውሃ ነው፤ ፓምፕ ቦታ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። አነስተኛ የፀሐይ ፓምፕ፣ ከከብቱ ገንዳ የተለየ መስመር፣ በመንደር ወይም በትምህርት ቤት አጠገብ የሚቆም ቦኖ ከሆነ ከሰው ጀሪካን አያልፍም፤ የከብት ገንዳ እንዳይኖረው በመጀመሪያው ስምምነት ውስጥ መግባት አለበት። የቧንቧው ቦታ የሚመረጠው ከሴቶቹ ጋር በተናጠል ከተነጋገራችሁ በኋላ ይሁን። ለዚህ ሲባል አዲስ ጉድጓድ በማሽን ቢቆፈር ደግሞ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ፈቃድና የውሃ ምርመራ ግድ ነው፤ በደቡቡ ቆላ ጥልቅ ውሃ በአንዳንድ ቦታ ጨዋማ ሆኖ ስለሚወጣ ብዙ ገንዘብ ፈስሶበት ማንም የማይጠጣው ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ይህ አቅማችሁን የሚያልፍ ከሆነ ለቤተሰቦች መክደኛ ያለው ንጹሕ ማጠራቀሚያና እንደ «ውሃ አጋር» ያለ የማከሚያ ክሎሪን በቋሚነት የሚገኝበትን መንገድ ማመቻቸት በትንሽ ወጪ ብዙ ሕፃናትን ከተቅማጥ ያድናል።

ሦስተኛው አማራጭ፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ለከብት የሚሆን ሞተር በአንድ ኤላ ላይ እንዲገጠም ቢወስኑ ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሊመጣ ይችላል፤ በተለይ ሰው ባለቀበት ጉድጓድ። ያኔ እምቢ አትበሉ፤ ነገር ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጉድጓዱ በደረቁ ወራት መጨረሻ በሰዓት ስንት ሊትር መልሶ እንደሚሞላ በባለሙያ ይለካ፣ የፓምፑም አቅም ከዚያ በታች ይሁን። ማብሪያና ማጥፊያው በአባ ሄሬጋው እጅ ይሁን፤ በሦስተኛው ቀን የማጠጣት ዙር ይቀጥል፤ በዝናብ ወራት ፓምፑ እንደ እሾህ አጥሩ ይዘጋ። ከአዲስ አበባ እስከ ያቤሎ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የተበላሸ ዕቃ መለወጫ እስኪደርስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ የሰው ሰንሰለት የሚቆምበት እርከንና ኦኮሌው በቦታቸው መቆየት ያለባቸው ለዚህ ነው። ለጥገና የሚሆን መዋጮ ከፈለጋችሁም «የውሃ ሽያጭ» ብላችሁ አትጀምሩት፤ በከብት ቁጥር የሚሰላ የጉድጓዱ መዋጮ ሆኖ በኮራ ኤላ ይወሰን።

ጥቂት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። ቀበሌው ያቋቋመው የውሃ ኮሚቴ ስለፈረመላችሁ ብቻ ስምምነት አግኝተናል አትበሉ፤ ኮሚቴው ለቦኖው ትክክለኛ አካል ሊሆን ይችላል፣ ለኤላው ግን ኮንፊውና አባ ሄሬጋው ካልተቀመጡ ፊርማው አይጸናም። በተቃራኒው ደግሞ አንድ የተከበረ ሽማግሌ በግሉ ስለተስማማ ገንዘብ አትልቀቁ፤ የጉድጓዱ ተጠቃሚ ጎሳዎች ሁሉ የተገኙበት ጉባኤ ይጠበቅ። ጉድጓዱ ከጉጂ፣ ከገሪ ወይም ከሌላ ጎረቤት ሕዝብ ጋር በሚዋሰን ስፍራ ከሆነ የማንኛውም ግንባታ ወሬ የድንበር ጥያቄ ያስነሣል፤ እዚያ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ስምምነት ውጭ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ እንኳ አይውረድ። የለጋሾች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ በኤላው ላይ አታቁሙ፤ ጉድጓዱ በኮንፊው ስም የሚጠራ ነው፣ በላዩ ሌላ ስም መጻፍ የባለቤትነት ክርክር መክፈት ይሆናል። ሰዎቹ ሲቀዱ የምትቀርጹት ቪዲዮም በፈቃዳቸው ይሁን፤ በጉድጓዱ ውስጥ ወንዶቹ ብዙውን ጊዜ ልብሳቸውን አውልቀው ነው የሚሠሩት።

ጊዜውንም አስቡበት። ቁልቁለቱና ገንዳው የሚሠሩት ቱላው በተዘጋበት፣ ከብቱ ወደ ሜዳ በወጣበት በዝናቡ ወራት ነው፤ የጉድጓዱ ውስጥ ጠረጋና ጥልቀት መጨመር ግን ውሃው ዝቅ በሚልበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መሆን አለበት። ለውይይቱ ከቁፋሮው በፊት ቢያንስ አንድ ወቅት ስጡት። ዘመዳችሁ ተመልሶ ሲሄድ የፓምፕ ካታሎግ ይዞ አይሂድ፤ «ይህ ኤላ ምን ጎደለው፣ ከእናንተስ ምን ይዋጣል፣ ከእኛስ ምን ይጠበቃል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን ከኮንፊው፣ ከአባ ሄሬጋውና ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች ለየብቻ ሰምቶ ከተመለሰ በኋላ በጀቱን አብረን እንሥራው።